ያልተቆጠረ ውርወራ

ዌንደል ሬንፍሮ ሞቶ የተገኘው በነሐሴ ወር አንድ ጠዋት፣ ከቤዝቦል ስታዲየሙ ጀርባ፣ ወደ አሰልጣኙ ቢሮ ከሚያወጣው የብረት ደረጃ ሥር ነው። ያገኘው የለውዝ ሻጩ ነበር። መጀመሪያ ጠጥቶ የተኛ ተጫዋች መስሎት «ተነሣ ወንድሜ፣ ፀሐይ ሞቀ» እያለ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። ዋትሊንግ ከተማ ውስጥ ደረጃ ሥር የተኛ ተጫዋች ብርቅ አይደለም። ሰውየው እንደማይተነፍስ ሲያይ ግን ለውዙን እዚያው ጥሎ ወደ መንገድ ሮጠ።

መርማሪ ኢንጋ ሶልበርግ ስትደርስ ሸሪፍ ግሮት ሥራውን ጨርሶ፣ ማለትም ሐሳቡን ወስኖ፣ ፊቱን በባርኔጣው ያራግብ ነበር።

«የሚመረመር ነገር የለውም» አላት። «ትናንት ከጨዋታው በኋላ አሰናብተውታል። ክንዱ አልቋል። እላይ ወጣ፣ ዘለለ፣ አበቃ። ቀትር ላይ ከዋናው ሊግ ትልቅ ሰው ስለሚመጣ ከዚያ በፊት ቦታውን ብናጸዳው ደስ ይለኛል።»

«ማነው ያሰናበተው?»

«አሰልጣኝ ስታውፈር ነዋ። ራሱ ነው የነገረኝ፣ እንባ እየተናነቀው።»

«ስታውፈርን እንባ ተናነቀው?»

«አንቺ ደግሞ! ሰው አይደለም እንዴ?»

ኢንጋ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተንበረከከች። ጡረታዋ ደርሷል፤ ጉልበቷ ደግሞ ከእሷ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። በዚያች የአዮዋ የወንዝ ዳር ከተማ ሁሉም ሰው፣ ቄሱም ሰካራሙም፣ ቤዝቦል ይወዳል፤ እሷ ብቻ አትወድም። «ቆመው ቆመው ሲደክማቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ለዚህም ይከፈላቸዋል» ትላለች። ይህን በማለቷ የተኮረፈችው ኩርፊያ ተሰብስቦ ቢመዘን አንድ ጋሪ ይሞላ ነበር።

ሟቹ በጀርባው ወድቋል። በዚያ ወበቅ የቡድኑን ጃኬት እስከ አንገቱ ድረስ ዘግቷል። ኢንጋ ዚፑን ሳበችው። ከሥር ያለው ሸሚዝ በቀኝ በኩል ደረቅ ነው፤ በግራ ትከሻው ላይ ግን እርጥብ ነበር። እጇን አሸተተችው። ላብም ቢራም አይደለም፣ ውሃ ነው። ዝናብ ደግሞ ከጣለ ወር አልፎታል።

«ዶክተር፣ እስቲ ሸሚዙን ክፈትልኝ» አለች።

ሐኪሙ ከፈተላት። ከግራ ክንዱ አንሥቶ በትከሻው ላይ አልፎ ደረቱን የሚያቋርጥ ሰፊ ቀበቶ የመሰለ ምልክት ቆዳው ላይ ታትሟል። ቀረብ ብለው ሲያዩት የጨርቅ ሽመና ነበር፤ ድርና ማጉ ይታያል።

«ፋሻ ነው» አለ ሐኪሙ። «የሚለጠጠው ዓይነት፣ ከስስ ሸሚዙ በላይ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ።»

«ታዲያ ፋሻው የታለ?»

«እኔ እንጃ።»

«በሕይወት እያለ ተፈትቶለት ቢሆንስ?»

«ምልክቱ ወዲያው ነበር የሚጠፋው። ይሄ እንዲህ የቀረው ደሙ ከቆመ በኋላ ስለተፈታ ነው።» ሐኪሙ የተናገረውን ራሱ ሰምቶ ወደ ሸሪፉ ዞረ።

ሸሪፉ ባርኔጣውን ማራገብ አቆመ። «አሁን ደግሞ ላም ባልዋለበት ኩበት ልትለቅሚ ነው» አላት።

ሚስቱ ኔቫ ትኬት መሸጫው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ብዙ ሌሊት ያልተኛ ሰው ፊት ነው። ኢንጋ አጠገቧ ስትቀመጥ ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም።

«ራሱን ገደለ ይሉኛል» አለች። «እርስዎም እንደዚያ ሊሉኝ ነው የመጡት?»

«እኔ ገና ምንም አልልም፣ ልጄ።»

«ይሄ ልጅ ነገ ከነገ ወዲያ ይጠይቀኛል። አባትሽ ሞተ ወይም አባትህ ሞተ ማለት እችላለሁ። ጥሎን ሄደ ማለት ግን አልችልም። እሱን ብቻ ይንገሩኝ። ጥሎን ሄዶ ነው?»

«ትናንት እንዴት ነበር?»

«ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የቆለፍኩለት እኔ ነኝ። ክንዱ አልነሣ ብሎት። በቃ ተወው፣ ወደ አባቴ እርሻ እንሂድ አልኩት። ዝም አለኝ። ይኸው ነው፤ ያየሁት የመጨረሻው ያ ዝምታው ነው።»

ዌንደል ተቀያሪ ወርዋሪ ነበር። ጨዋታውን የጀመረው ወርዋሪ ሲደክም ወይም ኳሱ በተደጋጋሚ ሲመታበት ገብቶ እሳቱን የሚያጠፋው ሰው ነው። ግራኝ ነው፤ ግራኝ ወርዋሪ ደግሞ እንደ ዝናብ ይፈለጋል። አንድ በጋ ዋናው ሊግ ወስዶት ነበር። ቅጠል ሳይረግፍ መለሱት። ከዚያ ወዲህ ከከተማው ቡድን ከዋትሊንግ ሽመላዎች ጋር በአውቶቡስ ሲንከራተት ነው የኖረው። ታሪኩ በሙሉ በጋዜጣ ቢወጣ የአንዲት ጣት ያህል ቦታ አይሞላም፤ ይህን ያህል ትንሽ የወረወረ ሰው ክንዱ በምን እንዳለቀ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ኢንጋ የብረቱን ደረጃ እየተነፈሰች ወጣች። ከሜዳው የሚነሣው ቀይ አቧራ ደረጃውን ሁሉ እንደ ዱቄት ሸፍኖታል። የብዙ ሰው ጫማ ረግጦታል፤ ግን በግራ በኩል፣ ግድግዳው ሥር፣ ማንም ያልረገጠው ዳርቻ አለ። እዚያ ላይ የጠብታ ጉድጓዶች አየች፤ በየእርከኑ አንድ ሁለት። ቆም ብላ ጉልበቷን እያሻሸች ተመለከተቻቸውና መውጣቷን ቀጠለች።

አሰልጣኝ ጊብ ስታውፈር በሩን ራሱ ከፈተላት። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ወጣትነቱን በሙሉ በትንንሽ ከተሞች ቡድኖች ውስጥ አሳልፎ ፊቱ እንደ አሮጌ ጓንት የተጨማደደ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ አዲስ የተተኮሰ ከረባት ተዘርግቷል።

«ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ሶልበርግ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ እጄም እግሬም አልታዘዝ ብሎኛል።»

ለእንግዳ የተዘጋጀው ወንበር ጥቁር የተቀባ እንጨት ነው። ኢንጋ ስትቀመጥ፣ በመደገፊያው የግራ ጫፍ ላይ ቀለሙ ነጣ ብሎ እንደ ደመና የተዘረጋ ቦታ አየች። የእናቷ ምግብ ጠረጴዛ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ሲያድርበት እንደዚያ ይሆን ነበር።

«እስቲ ስለ ትናንት ይንገሩኝ።»

«ጨዋታው እንዳለቀ ጠራሁት። መለዮውን እንኳ ሳያወልቅ መጣ። እዚያ በሩ ላይ እንደቆመ ነገርኩት። ልጄ፣ በቃ፣ እህል ውሃችን አልቋል አልኩት።»

«አልተቀመጠም?»

«ምን ሊቀመጥ! አንድ ደቂቃም አልቆየ። እያለቀሰ ወረደ። እኔም ቆልፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ተመልሶ መውጣቱን የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው።»

«ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ አለ?»

«የለም፣ እኔ ጋ ብቻ ነው።»

«ትናንት ተጫውቶ ነበር?»

«አልተጫወተም። የጀመረው ወርዋሪ ነው የጨረሰው። ዌንደልን ሳምንት ሙሉ አልተጠቀምኩበትም። ትናንትም አንዲት ኳስ አልወረወረም፤ መዝገቡን ይዩት። ምናልባት እሱ ነው የሰበረው፣ መቀመጡ።»

«ሳይወረውር ክንዱ በምን አለቀ?»

ስታውፈር ደከም ባለ ዓይን አያት። «ክንድ ያልቃል፣ ወይዘሮ። ሳሙናም ያልቃል። እርስዎ ጨዋታውን አይወዱትም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለሚወደው ሰውም ማስረዳት ከባድ ነው።»

የቡድኑ ወጌሻ ኦርሊን ፓስክ ከታች፣ የካምፎር ሽታ በሞላባት ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ፎጣ ያጥፋል። ሽማግሌ ነው፤ ጠዋትም ቢሆን ትንፋሹ ውስኪ ውስኪ ይላል።

«ትናንት ቶሎ ነው የወጣሁት» አለ ሳትጠይቀው። «የጀመረውን ልጅ ክንድ አስሬ፣ ለዌንደል በረዶውን አዘጋጅቼ፣ ወደ መሸታ ቤት። መቶ ሰው አይቶኛል፤ መቶውም ሰክሯል እንጂ።»

«ለዌንደል በረዶ? ካልተጫወተ ምን ያደርግለታል?»

ኦርሊን ፎጣውን ጣለና እንደ ሕፃን አያት። «እመቤቴ፣ ሳይጫወት ነው እኮ የሚብሰው! ስልኩ ይደውላል፤ ተነሣ ይሉታል። ማሟሟቂያው ሜዳ ላይ ቆሞ ባለ በሌለ ኃይሉ ይወረውራል። ከዚያ አሰልጣኙ ሐሳቡን ይለውጣል፤ ተቀመጥ። ይቀዘቅዛል። ደግሞ ስልኩ፤ ተነሣ። ትናንት ሦስቴ ነው ያስነሣው። ሦስቴ!»

«መዝገቡ ላይ ግን አንዲት ኳስ የለም።»

«መዝገብማ ምን ያውቃል! ሜዳው መሀል ያልተወረወረ አልተወረወረም። ደንቡ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያልያዘውንስ ማን ያስይዘዋል? ኢንጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቤዝቦል ከልቧ ጠየቀች። «እና በየማታው በረዶ ያደርግ ነበር?»

«በየማታው። ሁለት ከረጢት በረዶና ፋሻውን ማጠቢያው ውስጥ እተውለታለሁ፤ ጠዋት ባዶ ከረጢቶቹን እሰበስባለሁ፣ ፋሻውን ገመድ ላይ አገኘዋለሁ። ዛሬ ከረጢትም የለም፣ ፋሻም የለም። ገርሞኛል። ልጁ ሥርዓት ያለው ነበር።»

«ማን ነበር የሚያስርለት? ሰው ትከሻውን በአንድ እጁ ማሰር አይችልም።»

«ያገኘው ሰው። እኔ ከሌለሁ ሊዮ፣ ኳሱን የሚቀበለው ልጅ።»

«መርፌውንስ ማን ነበር የሚወጋው?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። መርፌ የሚለውን ቃል ከአፏ ያወጣችው የመድኃኒት ሣጥኑን አይታ ነው። ብዙ ባዶ ብልቃጥ፣ ሁሉም የሚያደነዝዝ።

«ሰው የታዘዘውን ይሠራል» አለ በመጨረሻ። «እንዳያመው ነበር። ሳያመው ሲወረውር ደግሞ ውስጥ ውስጡን ይበጣጠሳል። አውቅ ነበር። አላውቅም ብል እዋሻለሁ።»

ሊዮ ማርቼክ ያን ጊዜ ከሸሪፉ መኪና አጠገብ ቆሟል። ሸሪፉ ሌላ ሐሳብ አግኝቷል፤ ራስን መግደል ካልሆነ ሊዮ ነው ባይ ነው። ትናንት በጨዋታው መሀል ሊዮና ዌንደል ማሟሟቂያው ሜዳ ላይ ሲጨቃጨቁ፣ ሊዮ የፊት መከላከያውን አውልቆ ዌንደል ላይ ሲወረውር ከሺህ ሰው በላይ አይቷል።

«አንተ ልጅ፣ ለምንድነው የወረወርክበት?» አለችው ኢንጋ።

«እሱ ሲወረውርብኝ ሦስት ዓመት አልፎት የለ እንዴ? አንድ ቀን እኔ ብወረውር ምናለበት?» ሊዮ ሊስቅ ሞከረና አቃተው። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም ልጅ ነው። «ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስነሡት ፊቱ አመድ መሰለ። ስልኩን አንሥቼ ክንዱ ሞቷል ልበላቸው አልኩት። አርፈህ ቁጭ በል አለኝ። ተናደድኩ። ያ ነው።»

«ከጨዋታው በኋላስ?»

«አላየሁትም።»

«ሊዮ፣ እኔ አሮጊት ነኝ፣ ጉልበቴን ያመኛል፤ ይህን ደረጃ ሁለት ጊዜ አታስወጣኝ። ፋሻውን ያሰርክለት አንተ ነህ።»

ልጁ መሬት መሬት አየ። «አዎ፣ እኔ ነኝ። ታርቀን ነበር። ግን ከእኔ በኋላ ያየው ሰው ከሌለ መጨረሻ ያየሁት እኔ ልሆን ነው፤ ሸሪፉ ደግሞ ካቴናውን አሙቆ ነው የሚጠብቀኝ። ጃኬቱን ከላይ ጣል አድርጌለት ሄድኩ።»

«ምን ይል ነበር?»

«አንድ የሚጨርሰው ጉዳይ እንዳለውና ወደ ቤት እንደሚሄድ። ሌላም ነገር ብሎኛል። እሱ ግን ለፖሊስ አይሆንም።»

«ለማን ነው የሚሆነው?»

«ለኔቫ። ልነግራት ደግሞ አቅም አጣሁ።»

ኢንጋ አላስጨነቀችውም። ሸሪፉን ጠርታ ሁሉንም ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ እንዲሰበስብ ነገረችው።

«ትልቁ ሰው ሊደርስ ነው እኮ!» አላት።

«ይድረስ። እሱም ይስማ።»

ክፍሉ በላብና በቆዳ ሽታ ታፍኗል። ኔቫን ወንበር ሰጧት። ኦርሊን ግድግዳ ተደግፎ፣ ሊዮ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ስታውፈር ከረባቱን አስሮ መሀል ላይ ቆሟል። ሸሪፉ በሩን ይዟል። ኢንጋ ቁጭ እንዳለች ነው የተናገረችው፤ ለመቆም የሚበቃ ጉልበት አልነበራትም።

«ዌንደል ሲሞት ግራ ትከሻው ላይ በረዶ ታስሮ ነበር» ብላ ጀመረች። «የፋሻው ሽመና ቆዳው ላይ ቀርቷል፤ ሸሚዙም እርጥብ ነበር። ፋሻው የተፈታው ከሞተ በኋላ ነው። የሞተ ሰው ፋሻ ፈትቶ፣ ጃኬት ለብሶ፣ ዚፕ አይዘጋም። ስለዚህ ሲሞት ሌላ ሰው አብሮት ነበር።»

«ለምን ይፈታዋል?» አለ ሸሪፉ። «ቢተወውስ?»

«እኔም እሱን ነው ራሴን የጠየቅኩት። ሊሞት የተዘጋጀ ሰው ክንዱን በበረዶ አያስርም። በረዶ የሚታሰረው ነገ ክንዱን ለሚፈልገው ሰው ነው። ፋሻው እዚያ ቢገኝ ራሱን ገደለ የሚለው ወሬ በቁሙ ይሞታል። ፈቺው ይህ ገብቶታል።»

ኔቫ ቀና አለች።

«አሁን ማን ፈታው? እዚህ ላይ ቤዝቦል አለማወቄ ጠቀመኝ። ኦርሊን በረዶውን በየማታው ያዘጋጃል። ሊዮ ያስርለታል። ሁለቱም ዌንደል ተጫወተም አልተጫወተም በረዶ እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ከእነሱ አንዱ ገድሎት ቢሆን ፋሻውን መደበቅ ትርፉ ጥያቄ ማስነሣት መሆኑን ያውቅ ነበር። የዛሬ ማለዳ ወሬ ራሱ ምስክር ነው፤ ኦርሊን ከረጢቱ ጠፋ ብሎ የነገረኝ ሳልጠይቀው ነው። ፋሻውን መደበቅ የሚያዋጣ የሚመስለው፣ ትናንት አልወረወረም ብሎ ከልቡ ለሚያምን ሰው ብቻ ነው። አልወረወረም፣ በረዶ አያስፈልገውም፣ በረዶ ነበረው ወይ ብሎ ማንም አይጠይቅም። እንዲህ ያለኝ ሰው አንድ ነው።»

ሁሉም ወደ ስታውፈር ዞሩ።

«አንዲት ኳስ አልወረወረም!» አለ ስታውፈር። «አልተጠቀምኩበትም! መዝገቡ አለ!»

«ስልኩን ሦስት ጊዜ የደወሉት እርስዎ ነበሩ።»

«እሱ እኮ ማሟሟቅ ነው! ውርወራ አይደለም!»

 ከሁሉ የሚያሳዝነው ሰውየው አለመዋሸቱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ እንደዚያ ነው ያመነው።

«ጨዋታው እንዳለቀ በሩ ላይ ቆሞ አናገርኩት፣ አልተቀመጠም ብለውኛል» አለች ኢንጋ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «የቢሮዎ ወንበር ግን በግራ ትከሻ በኩል ውሃ ጠጥቶ ነጥቷል። ዌንደል በረዶው እንደታሰረ እዚያ ተቀምጧል። የደረጃው አቧራ ላይ፣ ሲወጡ በግራ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር፣ ጠብታ አለ፤ ግራ ትከሻ ወደዚያ የሚሆነው ለሚወጣ ሰው ብቻ ነው። ቁልፉ ደግሞ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ሚስቱ ጠዋት ተወው ብላዋለች፤ ለሊዮም አንድ የሚጨርሰው ጉዳይ እንዳለው ነግሮታል። አላሰናበቱትም። እሱ ነው ሊሰናበትዎ የወጣው።»

ስታውፈር ግን ገና አልወደቀም። ብዙ ጨዋታ በነጥብ እየተመራ መጨረሻ ላይ ያሸነፈ ሰው ነው። ጣቱን ቀሰረ።

«እሺ! ሊሰናበተኝ ወጣ እንበል! እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ በረዶ ነገ ክንዱን ለሚፈልግ ሰው ነው ያሉት። ጨዋታ የሚያቆም ሰው ክንዱን ምን ያደርግለታል? ለምን ያስራል? ይመልሱልኝ!»

 ከጠዋት ጀምሮ ኢንጋ መፍታት ያቃታት ይህቺን አንዲት ነገር ነበር። ወደ ሊዮ ዞረች።

«ልጄ፣ ለኔቫ ነው ያልከውን አሁን ንገራት።»

ሊዮ ከወለሉ አልተነሣም። ኔቫንም ማየት አልቻለም። «ሳስርለት እኔም ይሄንኑ ጠየቅኩት» አለ። «ነገ ልታቆም በረዶ ምን ያደርግልሃል፣ አርፈህ አትሄድም ወይ አልኩት። ሳቀብኝ። ይሄ ለሽመላዎቹ አይደለም አለኝ። ልጁ ሲወለድ በዚህ እጄ ነው የማነሣው፤ በቀኙ እጥለው ይሆናል፣ ቀኝ እጄ እኮ ምንም አያውቅም አለኝ። ለሱ ላድነው ነው አለኝ።»

ኔቫ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ስታውፈር ከረባቱን አላላ። ከዚያ አጠገቡ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ከዚህ በኋላ ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱ ነው የተናገረው።

«ሠላሳ ዓመት በአውቶቡስ ዞሬያለሁ። ዛሬ የሚመጣው ሰው እኔን ሊወስደኝ ነው የሚመጣው። ዌንደል ስለ መርፌው እነግረዋለሁ አለኝ። ለራሴ ብዬ አይደለም፣ የእኔ ክንድ አልቋል፣ ከእኔ በኋላ ለሚነሡት ነው አለኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ደረጃው አናት ላይ ተከትዬው ጃኬቱን ያዝኩት። ቁም አልኩት። አልቆመም። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም፣ እምላለሁ፣ እንዲቆም ነው የፈለግኩት። ከዚያ ወርጄ ሳየው…» ከረባቱን ከአንገቱ አወጣ። «በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር። ፈትቼ ወንዝ ውስጥ ጣልኩት።»

«አንተ ሰው!» አለ ኦርሊን፣ እያለቀሰ። «አንተ ሰው! እኔም አብሬህ ነው የገደልኩት።»

ሸሪፉ ካቴናውን አወጣ። ለሊዮ ያዘጋጀው ነበር፤ ስታውፈር ላይ አሰረው፤ ሃያ ዓመት አብረው ዓሣ ያጠመዱ ሰዎች ናቸው። ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ትልቁ ሰው መድረሱ ነው። ሊቀበለው የወጣ የለም።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ኢንጋና ኔቫ ቀሩ። የኢንጋ ድካም ከአጥንቷ ውስጥ ይመጣ ነበር። ማጽናኛ ፈለገችና አላገኘችም።

«ተወው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ኔቫ። «እሺ ብሎኝ ሊተወው ሲወጣ ነው የገደሉት። ዝም ብዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር፣ አይደል?»

ኢንጋ ልትዋሽላት አሰበች። ከዚያ ይህቺ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ መሆኑ ትዝ አላት።

«ይኖር ይሆናል» አለቻት። «ስልኩ በጮኸ ቁጥር እየተነሣ። ግን የጠየቅሽኝ እሱን አልነበረም። ጥሏችሁ አልሄደም።»

ኔቫ ሆዷን ያዘች፣ ልጁ ተንቀሳቅሶባት መሰለ። ከዚያ የዚያን ቀን የመጀመሪያው እንባ ወረደ፤ ተከትሎት ሌላው፣ ማቆሚያ አጣ።

«ወደ ቤት እየመጣ ነበር» አለች።

«አዎ» አለች ኢንጋ። «ወደ ቤት እየመጣ ነበር።»